ቢጫ ጨርቅ የታሰረበት ቤት

ሎማ ሆንዳ፣ ኦክቶበር 7 ቀን 2017

ለእህቴ ለሚግዳሊያ፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ። «እትዬ፣ ባርኪኝ» የምትይበትን ስልክ አውሎ ነፋሱ ከቆረጠው አሥራ ሰባት ቀን ስለሆነው ሳትጠይቂኝ መርቄሻለሁ።

አለን። ከሁሉ በፊት ይህን ልንገርሽና ልብሽ ይረፍ። እኔም አለሁ፣ ወንድማችን ቤርቶም አለ፣ የአባታችንም ቤት ቆሟል። የወጥ ቤቱን ቆርቆሮ ብቻ ነፋሱ ነቅሎ የጎረቤታችን የዶን ቶንዮ ሙዝ እርሻ ውስጥ ጣለው። ሰውዬው በማግስቱ ቆርቆሮውን ተሸክሞ መጣና «ዞራይዳ፣ ባርኔጣሽ እኔ ዘንድ አድሮ ነበር» አለኝ። በዚያ ሳምንት የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ድልድዩን ወንዙ ወስዶታል። የምንሻገረው ወንዶቹ የወጠሩትን ገመድ ይዘን ነው። ይህንንም ደብዳቤ ይዛ የምትሻገረው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። ተራራው ላይ አንድ ቅጠል አልቀረም። ድሮ ከበረንዳችን የማይታየው የማዶው መንደር አሁን ከነመስኮቱ ይታያል፤ ለካ ይህን ያህል ተቀራርበን ኖረናል።

መብራት የለም። ከተማ የወረዱት እንደነገሩን መሥሪያ ቤቱ «ለገና ይመጣል» ብሏል። የየትኛው ዓመት ገና እንደሆነ የጠየቀ የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ። ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ሥጋ በሦስተኛው ቀን ሸተተና ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። አርባ ዓመት የተማሪ ቤት ወጥ ሠርቼ አንድ ቀን ምግብ ጥዬ የማላውቅ ሴት፣ ቆሜ አፈር አለበስኩት። የስኳሬን መድኃኒት ማሰሮ ውስጥ አድርጌ ምንጩ ዳር ውሃ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ነርሷ ማሰሮዋን አይታ ራሷን ነቀነቀች። አንቺ ስለዚህ አታስቢ።

ቤርቶ ዝም ብሏል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የመብራት ምሰሶ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው፣ ምሰሶዎቹ መንገድ ላይ ተጋድመው ሲያይ ምን ይበል? ጠዋት ጠዋት ከላይ ካለው ቤቱ ይነሳና በየምሰሶው ላይ የተመታውን ቁጥር እያነበበ ይሄዳል። ትናንት ለቁርስ እኔ ዘንድ መጥቶ «ሃያ ሦስቱም ወድቀዋል» አለኝና ቁርሱን ትቶ ተነሳ።

ገንዘብ አትላኪ፣ የሚሸጥ ነገር የለም። ከቻልሽ ወፋፍራሙን የባትሪ ድንጋይና የትንኝ ቅባት ላኪልኝ። ቤርቶ ሰላም ብሎሻል ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር፤ አላለም።

እህትሽ ዞራይዳ


ሆልዮክ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 2017

ለእትዬ ዞራይዳ፣

ባርኪኝ፣ እትዬ። ከአውሎ ነፋሱ ቀን ጀምሮ ደብዳቤሽን እስካይ ድረስ ስልክሽን በቀን ሃያ ጊዜ እደውል ነበር። «ደንበኛችን አሁን ማግኘት አይቻልም» የምትለዋን ሴት እንደ ባላንጣ ጠልቻታለሁ። የምሠራበትን የአረጋውያን መኖሪያ አንሶላ እያጠብኩ፣ እያጠፍኩ፣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ደብዳቤው ሲደርስ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት።

መድኃኒቱ በማሰሮ ነው ትይና «አታስቢ» ትይኛለሽ። እማማ እግሯን ያጣችው በዚሁ በሽታ መሆኑን ረሳሽው? ያኔ ፋሻዋን የምትቀይሪላት አንቺ ነበርሽ፣ እኔ ሽታውን ፈርቼ በረንዳ ላይ ነበርኩ። አሁን ደግሞ አንቺ ምንጭ ዳር ማሰሮ ስትጠብቂ እኔ በሞቀ ቤት ልቀመጥ? አልሆነልኝም። ስለዚህ አትቆጪኝ፣ ጄኔሬተር ገዝቻለሁ። አሮጌ ነው፣ ግን ጤነኛ ነው። እዚህ ያለ የአገራችን ሰው በመርከብ ዕቃ ይልካል፤ ከተማው ቤተ ክርስቲያን መጋዘን ድረስ ያደርስልሻል። ባትሪ ድንጋዩም ቅባቱም እዚያው ውስጥ ነው።

አንድ አደራ አለብሽ። ጋሼ ቤርቶ እንዳያውቅ። ከእኔ መምጣቱን ከሰማ ተሸክሞ ገደል ነው የሚሰደው። የአባባን የቡና መሬት ድርሻዬን ለዚያ ከውጭ ለመጣ ሰው ከሸጥኩ ይኸው ስምንት ዓመት። ሰውዬው ቡናውን ነቅሎ ለቱሪስት ጎጆ እንደሚሠራበት እንዴት ልወቅ? «ከእንግዲህ ከእጇ ውሃ አልጠጣም» ያለውን ቃል እስካሁን አልሻረም። በእማማ ቀብር ላይ «ጋሼ፣ ባርከኝ» ስለው ፊቱን አዙሮ ሄደ። ሰው አላየም ብለሽ አጽናናሽኝ። አይቷል፣ እትዬ። ሁሉም አይቷል።

እዚያ ለእሱ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ለአንቺም ያለው እሱ ብቻ ነው። በእኔ ምክንያት እንድትጣሉ አልፈልግም። ደብቂው፣ ፍሪጁ ይሥራልሽ፣ በቃ። ለቤንዚኑ በየወሩ እልካለሁ።

ታናሽሽ ሚግዳ


ሎማ ሆንዳ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2017

ለእህቴ ለሚግዳሊያ፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ እጅሽንም ይባርከው። ዕቃው ደርሷል።

እንዴት እንዳሻገርኩት ብትሰሚ ትስቂያለሽ። የማዶው ወጣቶች ገመድ ላይ አንጠልጥለው ሲያመጡት በብርድ ልብስ ጠቅልዬው ነበርና «ምንድን ነው እሙዬ?» አሉኝ። የልብስ ስፌት መኪና ነው አልኳቸው። «ከባድ ልብስ ነው የሚሰፋው» አለ አንዱ። ቤርቶ ያን ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ሊከራከር ከተማ ወርዶ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ያለው የአባባ የቡና ማከማቻ ውስጥ አስገባሁትና በሩን በአሮጌ ፍራሽ ደፈንኩት።

የከተማው የብረታ ብረት ሱቅ ሰውዬ ሁለቱም ጫፉ ላይ ስፒና ያለው ገመድ ሠራልኝ። «አንዱን ጄኔሬተሩ ላይ፣ አንዱን የልብስ ማጠቢያሽ ሶኬት ላይ ትሰኪና ቤቱ በሙሉ ይሠራል» አለኝ። አገሩ በሙሉ በዚህ ገመድ ነው አሉ የሚኖረው። እኔ የማስነሳው ዶን ቶንዮ የራሱን ሲያስነሳ ነው። የሱ ጄኔሬተር ጩኸት የአሥር ጄኔሬተር ድምፅ ይውጣል፤ ሰውዬው ሳያውቀው ባለውለታዬ ሆኗል። አምፖል አላበራም፣ ፍሪጁን ብቻ ነው። መድኃኒቴ የድሮ ቦታው፣ ቅቤው ጎን ገብቷል። ነርሷ የደሜን ስኳር ለክታ «ምን አድርገሽ ነው የወረደው?» አለችኝ። ጸሎት አልኳት።

ቤርቶም አንድ ቀን «መድኃኒትሽ እንዴት ነው?» ብሎኝ ነበር። «ምንጩ ውስጥ ነው» አልኩት ዓይን ዓይኑን እያየሁ። በስድሳ አራት ዓመቴ ውሸት ያስለመድሽኝ አንቺ ነሽ።

ባለፈው ሳምንት የመብራት መሥሪያ ቤቱ መኪኖች መጥተው ነበር። ነጭ ቆብ የደፉ ስምንት ሰዎች ወርደው ፎቶ አነሱ፣ በሜትር ለኩ፣ ከማንጎው ግንድ ሥር ምሳቸውን በሉ። ከዚያ አለቃቸው ወረቀቱን አገላብጦ ይህ መስመር ዝርዝሩ ውስጥ የለም አለን። እኛ እዚህ ቆመን ዝርዝሩ ውስጥ የለንም። ሴቶቹ ድስት ይዘን መንገዱን ዘጋን፤ እኔ የተማሪ ቤቱን ትልቁን ድስት ይዤ ወጥቼ እጄ እስኪደነዝዝ ደበደብኩት። አለቅየው ትዕግስት እንድናደርግ ለመነን። የዶን ቶንዮ ሚስት ኢራይዳ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «ትዕግስቱን ፍሪጅ ውስጥ ነበር የምናስቀምጠው። ተበላሸ።» ሳቁ፤ ግን መኪናቸውን አዙረው ሄዱ።

ያን ዕለት ቤርቶ አራት ጡረተኛ ጓደኞቹን ሰበሰበ። የአምስቱ ዕድሜ ቢደመር ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ይሞላል። ምሰሶውን በበሬና በገመድ እያቆሙ ነው። ከሃያ ሦስቱ አሥራ አራቱ ቆመዋል። ሚግዳ፣ ብታይው አታውቂውም። ይበላል፣ ይሳደባል፣ ያፏጫል።

ሽቦ የሚዘረጋበት ቀን ሲደርስ በየቤቱ እየዞረ ጄኔሬተሩን ከቤቱ መስመር ሊነቅልና ቆጣሪው ላይ የጨርቅ ምልክት ሊያስር ነው። ያለዚያ ምሰሶ አልወጣም ብሏል። በጨርቁ ቀለም ግን መንደሩ ተጣላ። መጀመሪያ ቀይ ቆርጦ አመጣ። ዶን ቶንዮ የሰማያዊዎቹ ፓርቲ ሰው አይደለ? «ቤቴ ላይ የቀዮቹ ጨርቅ ከሚታሰር በጨለማ ልሙት» አለ። ሰማያዊ ሲያመጣ ደግሞ ሌሎቹ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ቤርቶ የሟች ሚስቱን ቢጫ መጋረጃ ቀደደው። እኔን እንኳ አይመለከተኝም፤ በሱ ሐሳብ ከሻማ በቀር የለኝም።

ዞራይዳ


ሆልዮክ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 2017

ለእትዬ ዞራይዳ፣

ባርኪኝ። ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓቴ፣ የልብስ ማጠቢያው መኪና ላይ ተደግፌ ነው። በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ። ስልክሽንም ከጠዋት ጀምሮ እየሞከርኩ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ እየሳቅሁ ነበር። እዚህ ኤሌክትሪክ የሚጠግን አንድ ፖላንዳዊ ሽማግሌ አለ፤ «ምን ያስቅሻል?» ሲለኝ የልብስ ስፌት መኪናውን፣ ፍራሹን፣ ባለ ሁለት ስፒናውን ገመድ ነገርኩት። ሰውዬው አልሳቀም። እቤቷ ዋናው ማጥፊያ ወርዷል ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩት። ማጥፊያው ካልወረደ ከጄኔሬተሩ የወጣው ኃይል እቤት ውስጥ አይቀርም፤ ወደ ውጭ ሽቦው ይሄዳል፣ ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ ትንሹ ትልቅ ይሆናል፣ ሽቦ የያዘውን ሰው ይገድላል አለኝ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን እንደዚህ ቀብሯል።

እትዬ፣ በእግዚአብሔር ስም። ዋናውን ማጥፊያ ሳታወርጂ አታስነሺው። ወይም ጨርሶ ተዪው፤ ማሰሮውም ይሻላል። ወይም ለጋሼ ቤርቶ ንገሪው። ከእሷ ነው በይው። ይስደበኝ፣ ገደል ይስደደው፣ ስምንት ዓመቱን አሥራ ስድስት ያድርገው። ንገሪው ብቻ።

እንደደረሰሽ ነርሷ ከተማ ስትወርድ ትደውልልኝ። በጃንዋሪ 6 ለሚውለው የሦስቱ ነገሥታት በዓል ልመጣ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

ሚግዳ


ሎማ ሆንዳ፣ ዲሴምበር 18 ቀን 2017

ለእህቴ ለሚግዳሊያ፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ። የዲሴምበር 1 ደብዳቤሽ በ13 ደረሰኝ።

ቤርቶ ታሟል። ቅዳሜ በ9 ሥራ ላይ ሳለ ከምሰሶ ወደቀ። አልሞተም። ወንዶቹ በበር መዝጊያ ተሸክመው ወንዙን አሻገሩት፤ አሁን ደቡብ ጠረፍ ያለው ትልቁ ሆስፒታል ተኝቷል። ቀኝ እጁን ከክርን በታች ቆርጠውታል። ራሱን አውቋል፣ ይናገራል። በሳምንት አንድ ቀን እሄዳለሁ።

ለቤንዚን የምትልኪውን አቁሚ። ጄኔሬተሩ ተበላሽቷል፣ አላስነሳውም። ብርድ ስለገባ መድኃኒቴ ምንጩ ውስጥ ይበቃዋል።

ለበዓሉ አትምጪ። የሚያምር ነገር የለም።

ዞራይዳ


ሆልዮክ፣ ዲሴምበር 27 ቀን 2017

ለእትዬ ዞራይዳ፣

ባርኪኝ። ገናን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቂኝ። ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እኔም አላውቅም። አሥራ ሁለት መስመር ናት። ዶን ቶንዮ ምን እንዳለ የለበትም፣ ኢራይዳ ማንን እንደተረበች የለበትም። አንቺ እንደዚህ አትጽፊም።

ከምሰሶ የወደቀ ሰው እግሩ ይሰበራል፣ ወገቡ ይሰበራል። እጁ ለምን ይቆረጣል?

ደብዳቤዬ በ13 ደረሰ አልሽኝ እንጂ ስለጻፍኩልሽ ነገር አንድ ቃል አልመለስሽልኝም። እሱ የወደቀው በ9 ነው። ቀኖቹን በጣቴ ቆጥሬያቸዋለሁ። ጄኔሬተሩ እንዴት ተበላሸ? መቼ ተበላሸ? ያን ቅዳሜ ተነስቶ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ። ዕቃውን የላክሁት እኔ ነኝ፣ ደብቂው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ብቻሽን ተሸክመሽ አትቀመጪ።

ከዚህ ጋር የታጠፈች ትንሽ ወረቀት አለች። ለሱ ናት። «ጋሼ፣ ባርከኝ» ትላለች፣ ሌላ የለባትም። ብዙ ጻፍኩና ሁሉንም ቀደድኩት። ለመስጠት ቀኑ ነው ብለሽ ስታስቢ ስጪው፤ ካልሆነም አንቺው ዘንድ ትቀመጥ።

ሚግዳ


ሎማ ሆንዳ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 2018

ለእህቴ ለሚግዳሊያ፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ። ይህን ያህል ሳልመልስ የቆየሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም።

አዎ፣ ተነስቶ ነበር።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ቤርቶ ቢጫውን ጨርቅ ይዞ አሥራ አንዱንም ቤት ዞረ። እያንዳንዱ ቤት ገብቶ ጄኔሬተሩን በገዛ እጁ እየነቀለ አሰረ። የእኔ በር ላይ ሲደርስ ግን አልገባም። «አንቺማ ከሻማ በቀር ምን አለሽ» አለና እየሳቀ ቆጣሪዬ ላይ አስሮልኝ ሄደ። እኔም ሳቅሁ። ሚግዳ፣ እኔም አብሬው ሳቅሁ።

መብራት እንደ ውሃ ይመስለኝ ነበር። ከምሰሶው ወደ ቤት ይወርዳል እንጂ ከቤት ወደ ምሰሶ ይወጣል ብሎ የነገረኝ የለም። ሰባት ሰዓት ገደማ ላይ ወንዶቹ በላይኛው መንገድ የወደቀ ግንድ በሞተር መጋዝ መቁረጥ ጀመሩ። ፍሪጁ ከዋዜማው ጀምሮ አልሠራም፣ መድኃኒቱም ሞቆ ነበር። የዶን ቶንዮ ጄኔሬተር ስለተነቀለ የምደበቅበት ድምፅ አልነበረኝም። መጋዙ ሲጮህ አስነሳሁት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። መጋዙ ቆመ፤ የሰው ጩኸት ሰማሁ። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ጄኔሬተሩን ማጥፋት ነው። እንዳይሰማ ብዬ።

ደብዳቤሽ በአራተኛው ቀን መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ውሻው አንቺ አይደለሽም፣ ፖስታው ነው። ወጥ ቤት ተቀምጬ አነበብኩትና ያደረግሁትን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ወንዶቹ ኃይሉ ከታች እንደመጣ ገብቷቸዋል። ከዚያ ምሰሶ በታች ያለው ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ የእኔና የዶን ቶንዮ። ዞራይዳ ጄኔሬተር የላትም። ስለዚህ ቶንዮ ጨርቁ ከታሰረ በኋላ መልሶ ሰክቷል አሉ። ሰውዬው በመስቀል ማለ፣ በልጆቹ ማለ። ማንም አላመነውም። በሦስቱ ነገሥታት ቀን ደጁን የረገጠ የለም። ኢራይዳ በቅጠል ጠቅልላ የቀቀለችውን የበዓል ምግብ በየቤቱ ላከች፣ ሁሉም መለሰባት። እኔም መለስኩባት። ቀና ብዬ ብቀበላት ዓይኔ ምስጢሬን የሚያወጣው መሰለኝ። ትዕግስት ተበላሸ ብላ ያሳቀችን ሴት በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ የተመለሰላትን ምግብ ለውሻ ስትሰጥ አየኋት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አይጧ ደግሞ በመስኮት ታያለች።

የቤርቶ ነገር ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበርና በጃንዋሪ 9 መኪኖቹ መጡ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያልነበርነው ሰዎች አሁን ዝርዝር ውስጥ ገባን። ሽማግሌዎቹ ሃያ ሦስቱንም ምሰሶ አቁመው ጨርሰው ነበር። ነጭ ቆብ የደፉት በሦስት ቀን ሽቦውን ዘርግተው ፎቶ ተነሱ። በ12 ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ከመቶ አሥራ አራት ቀን በኋላ። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ጮኸ፣ አለቀሰ፣ ተቃቀፈ። የእኔም አምፖል በራ። ተነስቼ አጠፋሁት።

ቤርቶ ከሆስፒታል በ14 ወጣ። እሑድ ነበር። የእኔ በረንዳ ላይ እንዲያስቀምጡት አዘዘና አሥራ አንዱም ቤት እንዲመጣ አስጠራ። ቶንዮና ኢራይዳም መጡ፤ ከሰው ራቅ ብለው አጥሩ ሥር ቆሙ። ቤርቶ ብዙ አልተናገረም።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ሽቦ ከመንካቴ በፊት የሳተ ኃይል መሬት እንዲገባ ሽቦውን ከመሬት ጋር የሚያያይዘውን ሰንሰለት ከምሠራበት በላይም በታችም አስር ነበር» አለ። «ያን ቀን የላይኛውን አሰርኩ፣ የታችኛውን አላሰርኩም። ጨርቁን አምኜ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቶንዮ ምንም አላደረገም፤ የሱን በዚህ እጄ ነቅያለሁ።» በዚህ እጄ ሲል የሌለውን እጅ አነሳ።

ቶንዮ መጥቶ እግሩ ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ። ሚግዳ፣ የቤርቶ ኩራት ለአንድ አገር ፖሊስ ይበቃ ነበር። በመንደሩ ሁሉ ፊት የሥራውን ስም አበላሸ። ሌላው ሰው «ሽማግሌው ረሳ፣ ዕድሜ ነው» እያለ ተበተነ። እኔ ብድግ አልኩና «ቤርቶ፣ እኔ ነኝ…» ብዬ ስጀምር «አንቺ ውሃ አምጪልኝ» አለኝ። አመጣሁለት። ጠጣው።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወጥ ቤት ገባሁ፣ ተከትሎኝ ገባ። ነገርኩት። እስክጨርስ አልጠበቀኝም።

«በሩ ላይ ተጭኜ ወንዙን ስሻገር አውቄዋለሁ» አለ። «ከታች ሁለት ቤት ነው ያለው። የቶንዮን ነቅያለሁ። ታዲያ ማን ይቀራል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ሳልገባ ያሰርኩት እኔ ነኝ።» ቀጥሎም «ለምን ደበቅሽኝ?» አለ።

ይኸኛው ነው የከበደኝ። ስለ መጋዙ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ ሁሉ ለመናገር አፌን አልያዘኝም ነበር። ይህን ግን መሬት መሬት እያየሁ «ከእሷ ስለመጣ ነው» አልኩት። «ገደል ትሰደዋለህ ብለን ፈራን።»

ተነሳና ወደ ቡና ማከማቻው ወጣ። ፍራሹን በግራ እጁ ስቦ ጣለውና ጄኔሬተሩን እያየ ቆመ። እዚያ ሳለ ፀሐይ ከበረንዳው ዞራ ወጥ ቤቱ ገባች። ተመልሶ ሲቀመጥ ያችን የላክሻትን ወረቀት ከጉያዬ አውጥቼ ሰጠሁት። መታጠፊያዋን በአንድ እጁ መፍታት ስላቃተው እኔ ፈታሁለት። አነበባት። አንድ መስመር ለማንበብ ያን ያህል ጊዜ አይፈጅም፣ እሱ ግን ብዙ ይዟት ቆየ።

ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ ስለዚህ ነገር አላነሳም። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ «ወረቀት አምጪና ተቀመጪ፣ እኔ ልበል አንቺ ጻፊ» አለኝ። እስካሁን የጻፍኩት የእኔ ነው። ከዚህ በታች ያለው የሱ ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

ለእህቴ ለሚግዳሊያ፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ።

የላክሽው ጄኔሬተር ደርሶናል። የዞራይዳን መድኃኒት አቀዝቅዞ አቆይቶልናል። አመሰግናለሁ።

ወንድምሽ ኤሪቤርቶ

ፊርማውን በግራ እጁ ነው የፈረመው። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱን አበላሸ፤ እነሱን አልጣልኳቸውም፣ እኔ ዘንድ አሉ። ይህች ከታች ያለችው የጭረት ክምር ስሙ ናት።